«አንቺማ ጊዜ አለሽ» ለምትሉኝ ሁሉ

ይሄን ነገር ዛሬ ካልተናገርኩት ዒድን በደስታ አልውልም።

በዚህ የረመዳን መጨረሻ ሳምንት «አንቺማ ጊዜ አለሽ» ያላለኝ የለም። ጎረቤት ብሎኛል። አክስቴ ብላኛለች። ከኮምቦልቻ የደወለች ዘመድ ሳትቀር ብላኛለች። ለምን? ቤት ውስጥ ስለምሠራ። መርፌ ይዤ ስለሚያዩኝ። ወላሂ፣ መጽሐፍ ይዤ ሲያዩኝ ደግሞ ይብሳል።

እስቲ አለሽ የተባልኩት ጊዜ የት እንደሚሄድ ልንገራችሁ።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአልጋ ልብስ እሰፋለሁ። ቁራጩን ከልብስ ሰፊዎች እሰበስባለሁ። መጀመሪያ ይታጠባል። ጥጥ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ቀዩ ደግሞ ቀለሙን ይለቃል። ሳይታጠብ ከተሰፋ ድካሙ ሁሉ በመጀመሪያው እጥበት ገደል ይገባል። ከዚያ ይተኮሳል። ከዚያ በካርቶን እየተለካ ይቆረጣል። 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የቆረጥኩት ቁራጭ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ስፌት ሲበላው 8.8 ሆኖ ይቀራል። አንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር ለሆነ አልጋ ልብስ እንግዲህ ወደ 390 ቁራጭ ይገባል። አንዱ ትንሽ ከተዛባ ረድፉ በሙሉ ይጣመማል፤ ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው።

ይሄ ላዩ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ባዘቶ ጥጥ ይነጠፋል። ከጀርባው አንሶላ ይደረባል፤ እኔ የኮምቦልቻውን ነው የምወደው። ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ በእጅ ይሰፋሉ። ስፌቱ ካልተቀራረበ ጥጡ እየሸሸ አንድ ጥግ ላይ ይከመራል። ጣቴ በመርፌ ተበሳስቷል። ግን መጋቢት ገብቶም ማታ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደውን ብርድ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ይሄን ለብሶ የተኛ ሰው ብርድ አይነካውም። ለዚያ ነው የምደክመው።

ታዲያ ስሰፋ ያየችኝ ጎረቤት ምን ትላለች? «ይሄ ድሪቶ ምን ያደርግልሻል?» እሺ። አልቆ አልጋ ላይ ሲነጠፍ ደግሞ ያቺው ሴትዮ ትመጣለች። «ማሻአላህ! ለልጄ ሰርግ እንደዚህ አንድ ስሪልኝ፣ ጨርቁን እኔ አመጣለሁ። አንቺ እንደሆነ ጊዜ አለሽ።»

ጨርቁን! ከሥራው ሁሉ ርካሹ ጨርቁ ነው። ስለ እጄ ዋጋ ማንሳት ግን ነውር ነው። አንዴ ዋጋ ስናገር «ይሄን ያህልማ ከሆነ ሱቅ ሄጄ ብርድ ልብስ እገዛለሁ» ተባልኩ። ይግዙ! ሱቅ ሄዶ ባለ ሱቁን «ጊዜ ስላለህ በነጻ ስጠኝ» የሚል ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ወደ ዳቦው ልምጣ። ለዒድ ድፎ መጋገር ደስ ይለኛል፣ ይሄን ማንም እንዳይሳሳተው። ግን እሱም ሥራ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት። በብርዱ ሊጥ ቶሎ ኩፍ አይልም፣ በጋቢ ጠቅልዬ ከምድጃው አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ለሱሁር ስነሳ እሱን ከፍቼ ማየት ነው። ጾመኛ ስለሆንኩ ጨው በቃው አልበቃው ብዬ አልቀምስም፣ በእጄ ግምት ነው የምሄደው። ኮባው ታጥቦ በእሳት ይለበለባል። እሳቱ ከላይም ከታችም ነው፤ የላዩ ከበዛ ቅርፊቱ ያራል፣ መሃሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። አጠገቡ ሳይቆሙ ድፎ የለም።

ቀኑስ? ጨረቃዋ ከታየች ዒድ ነገ ነው፣ ካልታየች 30 ይሞላል። ስለዚህ መቼ እንደሚበላ ሳላውቅ ነው የማቦካው። ዘንድሮ ደግሞ ሁለቱ ጾሞች ገጥመዋል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁዳዴ ላይ ናቸው። የእነሱን ድርሻ ወተትና ቅቤ ሳይነካው ለብቻ አቦካለሁ፣ ዕቃውንም እለያለሁ። ይሄ አይከብደኝም፣ እነሱም በፋሲካ ለእኛ እንደዚሁ ይጨነቃሉ። የሚከብደኝ አክስቴ ስድስት ሰው እንግዳ እንዳላት የምትነግረኝ ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ መሆኑ ነው። «አንድ ድፎ ጨምሪበት እንጂ፣ ምን አለበት?» አክስቴን እወዳታለሁ። ግን ሊጥ በምርቃት አይጨምርም።

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ንባቡ ነው። ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ ያለችው ሰዓት የኔ ናት። ዳቦው ተቀምጧል፣ ሾርባው ተጥዷል፣ መግሪብ፣ ማፍጠሪያው፣ ገና ነው። የወሎን ታሪክ እያነበብኩ ነው። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 እንዴት ንጉሥ እንደተባሉ፣ ለልጃቸው ለኢያሱ ብለው በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ እንዴት እንደተዋጉና እንደተማረኩ። እኛ እኮ አይጠየፍን በየቀኑ እያየን የምናልፍ ሰዎች ነን። ያ አዳራሽ የማን እንደነበረ፣ ከዚያ ግቢ የወጣው ጦር ምን እንደደረሰበት ማወቅ ሥራ መፍታት ነው?

ገጹን ልገልጥ ስል «ከተቀመጥሽ አይቀር ሽንኩርት ክተፊልኝ።» እሺ እከትፋለሁ። ስመለስ «ካነበብሽ አይቀር ልጁን ያዢልኝ።» በአንድ እጅ ሕፃን፣ በአንድ እጅ ሰገሌ!

ወንድሜም እዚያው ቤት ያነባል። እሱ መጽሐፍ ሲይዝ እናቴ ሬዲዮ ትቀንሳለች። «ዝም በሉ፣ እያነበበ ነው» ይባላል። ሻይ ይቀርብለታል። ፈተና አለበት፣ እውነት ነው፣ ያንብብ። ግን ፈተና ሳይኖርበትም እንደዚሁ ነበር። ለእኔ ሬዲዮ የሚቀንስ የለም። እሱ ሲያነብ ሥራ ላይ ነው፣ እኔ ሳነብ ጊዜ ተርፎኛል። አንድ ቤት፣ አንድ ምንጣፍ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ! ይሄን ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ሰምታኝ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ ሳምቡሳውን እንዳገላብጥ ላከችኝ።

ስለዚህ አሁኑኑ እወቁት። ድፎው እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ለሁሉም ቤት ይደርሳል፣ ዋጋ የለውም። ማስጨመር የፈለገ ሊጡ ሳይቦካ ይንገረኝ። ለሰርግ አልጋ ልብስ የምትፈልጉ ከዒድ በኋላ ኑ፤ ጨርቁን ከነ ጥጡና ከነ ክሩ፣ የእጄንም ዋጋ ይዛችሁ። ግማሹ ቀብድ ነው፣ ለዘመድም ቢሆን። ከዐስር እስከ መግሪብ ግን በሬን አታንኳኩ። ሽንኩርቱን ወንድሜ ይክተፈው።