ሰክረው አይደለም፣ ደክሟቸው ነው

እንግሊዞችን በእግር ኳስ ብቻ ማድነቅ ግፍ ነው። ትልቅ ሰው ሲሰክር ክብሩን እንዴት እንደሚጠብቁለት አይታችኋል? እኛ ብንጥር ብንጥር "ሞቅ ብሎታል" ላይ ደርሰን ነው የምንቆመው። ለንደን ግን ሚኒስትር አይሰክርም። "ታየርድ ኤንድ ኢሞሽናል" ነው የሚሆነው፤ ደክሞታል፣ ሆድም ብሶታል። አለቀ!

ይህን ውለታ የዋለልን ፕራይቬት አይ የሚባለው የፌዝ መጽሔት ነው፣ በ1967 እ.ኤ.አ.፣ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለጆርጅ ብራውን ሲል። ሰውዬው እንግዲህ መጠጥ ላይ በርታ ይሉ ነበር። ኬኔዲ በተገደሉበት ምሽት ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው ሐዘናቸውን ሲገልጹ እንኳ በደንብ "ደክሟቸው" ነበር፣ አገር እያየ። መጽሔቱ "ሰክረው ነበር" ብሎ ቢጽፍ ፍርድ ቤት ተጎትቶ ማስረጃ አምጣ ሊባል ነው፤ የእዚያ አገር የስም ማጥፋት ሕግ ቀልድ አያውቅም። ደከመው በመባሉ ግን ማን ይከሳል?

ፓርላማውማ ጨዋነቱ ልዩ ነው። አባል አባልን "ሰክረሃል" ማለት አይችልም። በ1983 አለን ክላርክ የሚባሉ ምክትል ሚኒስትር ወይን ሲቀምሱ አምሽተው መጡና የሴትና የወንድ እኩል ክፍያ ደንብን ምክር ቤቱ ፊት ማነብነብ ጀመሩ። (ደንቡን መርጠውም አይደል!) ክሌር ሾርት የተባለች አዲስ የምክር ቤት አባል ተነስታ፣ ሰክረሃል መባባል ክልክል መሆኑን አውቃለሁ ግን እኚህ ሰው በዚህ ሁኔታ እዚህ መቆም የለባቸውም የሚል ነገር ተናገረች። ምን ሆነ መሰላችሁ? ቤቱ በእሷ ላይ ጮኸ፣ ቃልሽን አንሺ ተባለች። ክላርክ በኋላ ወይኑን መቅመሳቸውን በዕለት ማስታወሻቸው ራሳቸው ጽፈውታል። ይህን የመሰለ መከባበር የት ይገኛል?

እንዳይመስላችሁ ደግሞ፣ "ሰካራም" የሚለው ቃል አልጠፋም። ለሚገባው ሰው ተቀምጦለታል። መጽሔቱ ለሚኒስትሩ ድካም በፈለሰፈላቸው በዚያው በ1967 ፓርላማው አደባባይ ላይ ሰክሮ የሚረብሽን ሰው የሚቀጣ አንቀጽ አጽድቋል። ግንበኛው ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ ቢንገዳገድ ፖሊሱ "ሆድ ብሶህ ነው ወንድሜ?" አይለውም። ከዚያ በፊት የወጣው የ1872ቱ ሕግማ መጠጥ ቤት ውስጥ ሰክሮ መገኘትንም ይቀጣል፣ መጠጥ ቤት ውስጥ! ሰክሮ መንገድ ላይ ላም የሚነዳም አያመልጥም። ሰክሮ ደንብ ለሚያነብ ግን አንቀጽ አልተጻፈለትም።