ታይሮይዱ ብቻውን አይደለም

አንገታችን ላይ ስላለው፣ ሆርሞን ስለሚያመነጨው የታይሮይድ እጢ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ታይሮይድ ሲደክም ሰው ይወፍራል» ብሎ እዚያው አቆመ። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። እኔ ራሴ «ታይሮይድሽ ዳተኛ ሆኗል» ተብዬ የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካ፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ክኒን በየቀኑ የምውጥ ሰው ነኝ። ክኒኑን ስጀምር በወር ውስጥ ቅጥን የምል መስሎኝ ነበር። የቀነስኩት ሦስት ኪሎ ገደማ ነው! ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ እሱም አብዛኛው ውኃና ጨው እንጂ ስብ አልነበረም።

የቀረው ግማሽ ሌፕቲን ነው። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የተገኘ፣ ከራሱ ከስባችን የሚመነጭ ሆርሞን። ሥራው ለአንጎል «ስንቅ አለ» ብሎ መንገር ነው። ምግብ በጣም ስንቀንስ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎል ችጋር የገባ ይመስለዋል። ለታይሮይድ የሚልከውን ትእዛዝ ይቀንሳል፣ ቲ3 የሚባለው የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳል፣ ሰውነትም ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ታይሮይድ ክብደትን እንደሚነካው ሁሉ ክብደትም ታይሮይድን ይነካል። በስንት መከራ የከሳ ሰው ተመልሶ የሚወፍርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሚገርመው፣ ወፍራም ሰው ብዙውን ጊዜ ሌፕቲን አያንሰውም፤ ሞልቶ ተርፎታል። አንጎሉ ነው መልእክቱን በደንብ የማይሰማው።

ታይሮይዳችሁ ጤነኛ የሆነ፣ ለመክሳት ብላችሁ የእኛን ክኒን እንዳትነኩ። የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል። እንደኔ የታዘዘላችሁ ደግሞ በባዶ ሆድ በውኃ ዋጡት፤ ቁርስና ቡናውን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አቆዩት። ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው፤ ጀበናው እየተንተከተከ ሰዓት ማየት።