ፍሬን መያዝም አክስለሬሽን ነው

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አክስለሬሽን ምን እንደሆነ ብትጠይቁት «የፍጥነት ለውጥ ለጊዜ ሲካፈል» ብሎ፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ሳይደናቀፍ ይመልሳል። «ሚኒባሱ ሊቆም ፍሬን ሲይዝስ አክስለሬሽን አለው?» ስትሉት ግን ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «የለውም፣ እየቀነሰ ነው እኮ» የሚል ነው። በልጆቹ አልፈርድም። ቃሉ ራሱ መፍጠንን ያሳስባል፤ «ፍጥንጥነት» የሚለው አማርኛውም ቢሆን ከዚያ አያወጣም።

አክስለሬሽን የሚነግረን ፍጥነት መብዛቱን ሳይሆን መለወጡን ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ረግቶ የሚበር መኪና አክስለሬሽኑ ዜሮ ነው። ሽቅብ የተወረወረ ድንጋይ ደግሞ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ቀጥ ሲል እንኳ መሬት መሳቧን አላቆመችምና ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ መለወጡን አያቋርጥም።

ነገሩ የፈተና ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ የመኪናውን ፍጥነት በየሰከንዱ በ6 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ 6 ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ይቆማል። በ60 ቢሄድስ? «12» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ 23 ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚፈጀው ጊዜም እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ እጥፍ ጊዜ ውስጥ ደግሞ አማካይ ፍጥነቱ ራሱ እጥፍ ነው። ርቀቱ አራት እጥፍ የሚያድገው ለዚህ ነው።

ሾፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ እንስጠው። በ30 የሚሄደው በድምሩ 14 ሜትር፣ በ60 የሚሄደው ወደ 40 ሜትር ያስፈልገዋል። እንግዲህ 15 ሜትር ላይ ሕፃን ልጅ ኳስ ተከትሎ አስፋልት ቢገባ፣ የመጀመሪያው መኪና አጠገቡ ደርሶ ይቆማል። ሁለተኛው ሕፃኑ ጋ ሲደርስ ሾፌሩ ገና ፍሬኑን አልነካም፤ በሙሉ 60ው ነው የሚያገኘው።

መምህራንን የምለምነው አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹን ሜዳ ያውጧቸው፤ በኖራ አንድ መነሻ መስመር፣ ከመነሻው 14 ሜትር ላይ አንድ፣ ከመነሻው 40 ሜትር ላይ ደግሞ ሌላ መስመር ያስምሯቸው። ልጆቹ በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት በእግራቸው ይለኩት። ቀመሩን ክፍል ሲመለሱ ሰሌዳው ላይ ይጽፉላቸዋል።