ሚክያስ ወይስ 400ዎቹ? ስለ መድረክና ፖለቲካ የተደረገ ክርክር

ጥያቄው አጭር ነው። መንግሥት ሲበድል ሰባኪ ከመድረክ በግልጽ ይናገር? ወይስ ወንጌሉን ይስበክና ፖለቲካውን ለምእመኑ ሕሊና ይተወው? ሁለት አማኞች ተጻጽፈውበታል። እህት “ይናገር” ትላለች። ወንድም “ይታቀብ” ይላል። ሁለቱም ጌታን ይወዳሉ፤ ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ነገር ያንገበግባቸዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ወንድም፦

እህቴ፣ ከአንድ እሑድ ልጀምር። ምርጫ ተቃርቦ ነበር። ሰባኪው ስብከቱን ጨርሶ የአንድ ተፎካካሪ ስም ጠራ። “የእግዚአብሔር ሰው ነው” አለን። ብዙው ሰው አሜን አለ። የኔ ዓይን ግን አጠገቤ ወደተቀመጠው ጓደኛዬ ሄደ። ስንት ወር ለምኜ ያመጣሁት ሰው ነው። ስለ ትንሣኤ ብዙ ተከራክረናል። ስለ ባዶው መቃብር፣ ሐዋርያት ለምን ሞትን እንደናቁ፣ ያላነሣነው የለም። ለማመን ትንሽ ነበር የቀረው። ከዚያች እሑድ በኋላ ግን አልተመለሰም። “እናንተም እንደ ሌላው ድምፅ ነው የምትፈልጉት” አለኝ። መልስ አጣሁ።

ዕቅበተ እምነት፣ ማለትም ስለ እምነታችን ለሚጠይቅ መልስ መስጠት፣ ሲባል ብዙዎቻችን ስለ ማስረጃ ነው የምናስበው። ሰው ግን ማስረጃውን ከመመዘኑ በፊት የተናገረውን ሰው ይመዝናል። ሰባኪው ለሥልጣን የሚሠራ ከመሰለው ትንሣኤውንም እንደ ቅስቀሳ ነው የሚሰማው።

ጌታ ራሱ ይህን ገደብ ጠብቋል። አንድ ሰው ቀርቦ “ወንድሜ ርስቱን እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ” ሲለው፣ “ፈራጅና አካፋይ እንድሆን በላያችሁ ማን ሾመኝ?” ብሎ መለሰለት (ሉቃ. 12፥14)። የሰውየው ጥያቄ እኮ የፍትሕ ጥያቄ ነበር። ጌታ ግን ስለ መጎምጀት አስተማረ። ከደቀ መዛሙርቱም መካከል ቀራጩ ማቴዎስ አለ፤ ቀናተኛ የተባለው ስምዖንም አለ። ጌታ የአንደኛቸውን ወገን ይዞ ቢናገር ኖሮ ሌላኛው ከማዕዱ ተነሥቶ በሄደ ነበር።

እህት፦

ወንድሜ፣ በጓደኛህ አዝኛለሁ። ያ ሰባኪ ተሳስቷል። ዕጩ መባረክ የመድረክ ሥራ አይደለም፤ በዚህ አንከራከርም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ግፍ በአደባባይ ሲፈጸም ግፉን ግፍ ብሎ መጥራትስ?

ቤተ ክርስቲያን ዝም ስላለች ከፖለቲካ የወጣች ይመስላታል። አልወጣችም። በ1857 በደቡብ አፍሪካ የኬፕ ደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ተሰብስቦ ነበር። ጉዳዩ፣ ነጮችና ነጭ ያልሆኑ አማኞች አብረው ያምልኩ፣ ከአንድ ማዕድ ይቁረሱ ወይ የሚል ነው። ሲኖዶሱ አብሮ መሆኑ መልካም ነው፣ ከመጽሐፉም ጋር ይስማማል አለ። ወዲያው ግን “ስለ አንዳንዶች ድካም” ሲባል ለየብቻ ማምለክ ይቻላል ብሎ ፈቀደ።

እስቲ አስበው። ያን ቀን ስለ መንግሥት ማን ተናገረ? የውስጥ አስተዳደር ጉዳይ ነበር፤ በቃ። በ1881 ነጭ ላልሆኑት የተለየች ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመች። በ1948 አፓርታይድ የመንግሥት ፖሊሲ ሆነ። ከ1857 እስከዚያ 91 ዓመት አለ። ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ ቁርባን በየዘሩ ሲቆረስ ያየ ሰው፣ ትምህርት ቤት በየዘሩ ሲከፈል ለምን ይገርመው? ሰባኪው ያልተናገረውን ማዕዱ ሲያስተምር ኖረ። አንተ “ፖለቲካ አንናገርም” ስትለኝ እኔ የምፈራው ይህንን ማዕድ ነው።

ወንድም፦

ይህን ታሪክ እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ሌላ ነገር ነው የማነብበት። ሲኖዶሱ በ1857 ዝም አላለም። ተናገረ። የተናገረውም መቀላቀል ያልፈለጉት ነጭ አባሎቹ መስማት የሚወዱትን ነው። በኋላም ዝም አልተባለም። የሥነ መለኮት ሰዎች የባቢሎንን ግንብ ታሪክ አንሥተው፣ እግዚአብሔር ሕዝቦችን የለያቸው ተለያይተው እንዲኖሩ ነው ብለው አስተማሩ። አፓርታይድ ሰባኪ አላጣም። ምነው ዝም ባሉ!

1 ነገሥት 22ን ክፈቺው። የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ሊወጋ ፈልጓል። 400 ነቢያት ሰብስቦ “ልሂድ ወይስ ልቅር?” አላቸው። ሁሉም ውጣ አሉት። ሴዴቅያስ የሚባለው እንዲያውም የብረት ቀንዶች ሠርቶ፣ ሶርያውያንን በእነዚህ ትወጋለህ አለ። ልብ በይ፤ የተናገሩት በበኣል ስም አልነበረም። “እግዚአብሔር እንዲህ ይላል” ነው ያሉት። እውነቱን የተናገረው የይምላ ልጅ ሚክያስ ብቻ ነው። 400 ለ1!

እና ለሰባኪዎች “ስለ መንግሥት ተናገሩ” ብለን በሩን ስንከፍት ማን የሚገባ ይመስልሻል? አንድ ሚክያስ እየጠበቅን 400 ሴዴቅያስ ነው የምናስገባው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በእግዚአብሔር ስም የተነገረ ስህተት ደግሞ ለመመለስ ትውልድ ይፈጃል።

እህት፦

400ዎቹን ያሳታቸው ስለ ጦርነት መናገራቸው ነው? ንጉሡ የሚወደውን መናገራቸው ነው እንጂ። በሩን ከዘጋኸው ደግሞ የሚቀረው ሚክያስ ብቻ ነው። 400ዎቹ ምን ቸገራቸው? እነሱ በቤተ መንግሥት በር ይገባሉ። በቤቴልም የሆነው ይኸው ነው። ካህኑ አሜስያስ አሞጽን፣ ይህ የንጉሡ መቅደስ ነውና ከእንግዲህ እዚህ ትንቢት አትናገር አለው። አሜስያስም መቅደሱን ከፖለቲካ የጠበቀ መስሎት ይሆናል።

ጀርመንን ተመልከት። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 የፕሩስያ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ የአይሁድ ትውልድ ያላቸው አገልጋዮች እንዲወገዱ ወሰነ። በ1934 የተቃወሙት ባርመን ላይ ተሰብስበው፣ ቤተ ክርስቲያን የምትሰማው አንዱን የእግዚአብሔር ቃል ኢየሱስ ክርስቶስን ነው ብለው መሰከሩ። ግሩም ምስክርነት ነው። ሆኖም በመግለጫው ውስጥ ስለ አይሁድ አንድ ቃል የለም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይደማል። እምነቱን በትክክል ተናግረው ጎረቤታቸውን ረሱት። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በጥቅምት 1945 ስቱትጋርት ላይ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ራሳቸውን ከሰሱ። በድፍረት አልመሰከርንም አሉ። አንተ እንደምትፈራው “አብዝተን ተናገርን” አላሉም።

ሚክያስ አንድ ብቻም አይደለም። በ390 በሮሙ ንጉሠ ነገሥት በቴዎዶስዮስ ትእዛዝ በተሰሎንቄ ሕዝብ ተጨፈጨፈ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ፣ ንስሐ ሳትገባ ቅዱስ ቁርባን አላቀብልህም አለው። ንጉሠ ነገሥቱም የማዕረግ ልብሱን አውልቆ በሕዝብ ፊት አለቀሰ። መድረክ ይህን ማድረግ ትችላለች።

ወንድም፦

አምብሮስዮስን ታነሺዋለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ388 በኤፍራጥስ ዳር ካሊኒኩም በምትባል ከተማ ክርስቲያኖች የአይሁድን ምኩራብ አቃጠሉ። የከተማው ጳጳስ ነበር ያነሣሣቸው ተባለ። ቴዎዶስዮስ ጳጳሱ ምኩራቡን መልሶ ያሠራ ብሎ አዘዘ። ትክክለኛ ፍርድ ነው። አምብሮስዮስ ግን አልተቀበለም። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱን ፊት ለፊት አፋጠጠው፤ ትእዛዙን እንደሚሽር ቃል ካልገባልኝ ቅዳሴውን አልቀጥልም አለ። ንጉሡ ተሸነፈ። አይሁድም ያለ ፍትሕ ቀሩ።

ያው ሰው ነው። ያው መድረክ ነው። ድፍረቱም ያው ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንዴ ለፍትሕ፣ አንዴ በፍትሕ ላይ። ቅዱስ አባት የምንለው ሰው እንኳ እንዲህ ከሳተ፣ የኛ ሰፈር ሰባኪ ምን ዋስትና አለው?

አንድ ነገር ልጨምር። የሮም መንግሥት ክርስትናን እስከ ፈቀደበት እስከ 313 ድረስ ክርስቲያኖች ንጉሥ የሚያፋጥጡበት ሥልጣን አልነበራቸውም። ሆኖም ሕዝብ ማረኩ። ወደ አሮጌው አምልኮ የተመለሰው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ በ360ዎቹ ምን ብሎ እንደተቆጨ ታውቂያለሽ። እነዚህ ገሊላውያን የራሳቸውን ድኾች መመገባቸው ሳያንስ የኛንም ይመግባሉ ብሎ ነበር። ጠላት የመሰከረለት ዕቅበተ እምነት ይህ ነው። ለጓደኛዬ ማሳየት የምፈልገውም ይህን ነበር።

እህት፦

ስለ ካሊኒኩም ያልከው ሁሉ እውነት ነው። ላለባብሰው አልችልም፤ ያሳፍረኛል።

ግን ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርገህ እስቲ እያቸው። ደጋግሜ አስቤባቸዋለሁ። በ388 አምብሮስዮስ የተናገረው ለማን ነበር? ለራሱ ወገን። ክርስቲያን ጳጳስ እንዳይነካበት። ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ምኩራባቸው የተቃጠለባቸው። በ390ስ? ለተሰሎንቄ ሙታን ተናገረ። ሙታን ውለታ አይመልሱም። የገሠጸውም ባዕድን አይደለም፤ በጉባኤው የሚያስቀድሰውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቅለትን የራሱን ንጉሥ ነው። ነገሩ ቢበላሽ ከስሮ የሚቀረው አምብሮስዮስ ራሱ ነበር።

ናታንም እንዲሁ ነው። “ያ ሰው አንተ ነህ” ያለው ለፍልስጥኤም ንጉሥ አልነበረም፤ ለሚወደው ለዳዊት ነው። የተሟገተው ደግሞ ለሞተው ለኬጢያዊው ለኦርዮ ነው፤ ለመጻተኛ። ሚክያስም የተናገረው ለራሱ ንጉሥ ነበር። እህል ውኃው ተመጥኖ እስር ቤት ገባ።

ስለዚህ ሰባኪን የምመዝነው በዚህ ነው። የሚሟገተው ለማን ነው? የሚገሥጸውስ ማንን? ለወገኑ ተሟግቶ ሌላውን የሚገሥጽ ከሆነ ያንተ ፍርሃት ልክ ነው፤ ይቀመጥ። ለሌላው ተሟግቶ ወገኑን የሚገሥጽ ከሆነ ግን አፉን አትዝጋበት። ያ ሰባኪያችሁ አጨብጫቢ የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ነው የአንዱን ስም የጠራው። ጓደኛህም ያወቀው ያንን ነው። እዚያው መድረክ ላይ የራሱን ደጋፊዎች ግፍ ቢገሥጽ ኖሮ ጓደኛህ የሚሸሽ ይመስልሃል?

የዩልያኖስን ምስክርነት እወደዋለሁ። ግን አትለያቸው። እነዚያው ክርስቲያኖች ድኻ የመገቡት ደግሞም “ቄሣር ጌታ ነው” አንልም ብለው የሞቱት ናቸው። የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፕ ያንን አንድ ቃል ቢል ይለቀቅ ነበር። አላለም።

ወንድም፦

ይህ አመዛዘን አልጠበቅሁትም። ስለ ጓደኛዬ የጠየቅሽኝን አስቤበት ነበር። አይሸሽም ነበር። ምናልባትም ይቀርብ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ልስማማ፤ ወገኑን የሚገሥጽ ሰባኪ ይናገር። ሁለት ነገር ግን አልለቅም። አንደኛው፣ ሰባኪ የማያውቀውን አይናገር። “አትግደል” የሚለው ቃል ግልጽ ነው፤ ስለ ግብር መጣኔ ግን መጽሐፉ ቁጥር አልሰጠውም። እዚያ ላይ “እግዚአብሔር እንዲህ ይላል” ማለት የሴዴቅያስን ቀንድ መሥራት ነው። በ1982 በደቡብ አፍሪካ የተረቀቀው የቤልሃር የእምነት መግለጫ እዚህ ላይ ይማርከኛል። ዘረኝነትን እስከ ሥሩ ይነቅላል፤ የፓርቲ ስም ግን አይጠራም።

ሁለተኛው፣ መጀመሪያ በግል ይሁን። አምብሮስዮስ በ390 ለቴዎዶስዮስ የጻፈውን ደብዳቤ በገዛ እጁ ነው የጻፈው፤ አንተ ብቻ አንብበው ብሎ። ናታንም ወደ ዳዊት ራሱ ሄዶ ነው የተናገረው። ከወንድምህ ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው የሚለው የጌታ ቃል (ማቴ. 18፥15) ለባለ ሥልጣንም ይሠራል። ወደ አደባባይ የሚኬደው ያ ሲሞከር አልሰማ ካለ ነው።

እህት፦

የመጀመሪያውን ተቀብያለሁ። ቤልሃርም ላይ አብረን ነን። እግዚአብሔር በተለየ ሁኔታ የተቸገሩት፣ የድኾችና የተበደሉት አምላክ ነው የሚለውን ክፍል ደግሞ አብረን እናንብበው።

በሁለተኛው አልስማማም። የግል በደል በግል ይወቀሳል። ሕዝብ ፊት የፈሰሰ ደም ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው። አሞጽ ለኢዮርብዓም ደብዳቤ አልላከም፤ ቤቴል ቆሞ ተናገረ። ሚክያስም የተናገረው በሰማርያ በር አደባባይ፣ በሁለት ነገሥታትና በ400ዎቹ ፊት ነው። ለቴዎዶስዮስ የተጻፈው ደብዳቤ የግል ነበር፤ ንስሐው ግን የአደባባይ ነበር፤ ምክንያቱም የተሰሎንቄ ሰዎች የሞቱት በአደባባይ ነው። ሰባኪው ደብዳቤውን ይጻፍ፤ አልከለክልም። መልሱን እስኪያገኝ ግን የሟቾቹ እናት በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤው ውስጥ ትቀመጣለች። ያን ቀን ምን ይበላት?

ወንድም፦

ስማቸውን ጠርቶ ይጸልይላቸው። ያን ከልክዬ አላውቅም።

እህት፦

ስማቸውን ከጠራ እኮ ተናግሯል።