የድምፅ ቅጂ ጆሮ የለውም

የምሄድበት መንፈሳዊ ማዕከል ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ። በየሳምንቱ አብረን ቁጭ ብለን ማንትራ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚባል ቅዱስ ቃል፣ የምንማርበትና የምንለማመድበት ሰዓት ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቀርቷል። በምትኩ የድምፅ ቅጂ በየስልካችን ይላክልናል። ሁሉም በተመቸው ጊዜ ለብቻው ይለማመዳል። አዳራሹ ለጸጥታ ተመስጦ ይሆናል። ማስታወቂያው ይህን "የአሠራር ማሻሻያ" ይለዋል። ዘንድሮ የሚዘጋ ነገር ሁሉ ስሙ ማሻሻያ ነው።

ሦስት ምክንያት ተሰጥቷል። ማንትራ የግል ጉዳይ ነው። ጀማሪዎች የቆዩትን ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ሦስተኛውን ሳነብ ሳቅም ንዴትም አንድ ላይ መጡብኝ፦ ቅጂው በትክክለኛ አነባበብ ስለተዘጋጀ ከእንግዲህ የአነባበብ ስህተት አይኖርም።

የማን ስህተት ነው የማይኖረው? የቅጂው ከሆነ፣ ድሮም እሱ አልተሳሳተም። የምሳሳተው እኔ ነኝ። ቅጂው ደግሞ እኔን አይሰማኝም። ሺህ ጊዜ ባጫውተው ሺህ ጊዜ እሱ ልክ ነው፣ ሺህ ጊዜ እኔ ስህተት ነኝ፣ ሁለታችንም ሳንነካካ በሰላም እንኖራለን።

ከራሴ ልጀምር። ጋያትሪ የምትባለውን ጥንታዊ የሕንድ ማንትራ መጀመሪያ የያዝኳት ከኢንተርኔት ነው። አጭር ናት። ልኳ ሦስት ስንኝ፣ ስምንት ስምንት ቀለም፣ በድምሩ 24። በሁለት ቀን ሸምድጃት ለወራት በየጠዋቱ ስላት ከረምኩ። ማዕከሉ ስገባ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አጠገቤ የሚቀመጡ ጠና ያሉ ሴት ወደ እኔ ዘንበል አሉና "ልጄ፣ ዲማሂ አይደለም" አሉኝ።

ማንትራዋ በተነገረችበት በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ፣ በሳንስክሪት፣ ውስጥ ትንፋሽ ያላት "ድ" እና ትንፋሽ የሌላት "ድ" ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ይህችኛዋ ትንፋሽ አላት፤ ቃሉ ድሂማሂ ነው። የእኔ አፍ ልዩነቱን አያውቀውም። ይህ እንኳ ቀላል ነው፤ የባሰው ጆሮዬም አያውቀውም። ለወራት ቅጂውን ስሰማ የኖርኩት የራሴን "ዲ" ነበር። ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው። ታዲያ ስህተቱን ማን ይነግረኛል? ስልኬ?

ሴትዮዋ አልተቆጡም፣ ትንታኔም አልሰጡኝ። መዳፋቸውን አፋቸው ፊት አድርገው ቃሉን አሉት። ከዚያ የእኔን እጅ ይዘው ወደ አፌ አስጠጉት። "ትንፋሹ መዳፍህን ካልመታው አላልከውም።" አልኩት። ምንም የለም። ደገምኩት። ምንም። አራተኛው ላይ ይሁን አምስተኛው፣ ሞቅ ያለ ነገር መዳፌን ነካው። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ልምምዱ ተመለሱ። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ይህን አንድ ደቂቃ የሚሰጥ ፋይል ካለ ይላክልኝ፣ እኔም ማስታወቂያውን አጨበጭብለታለሁ።

"ዋናው ልብ ነው፣ አነባበብ ምን ያደርጋል" የሚል አይጠፋም። ማስታወቂያው ራሱ ግን ያወራው ስለ አነባበብ ነው፤ እንግዲህ በመረጡት ሜዳ እንጫወት። ጥንታውያኑ ሕንዶች የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። ትቫሽትሪ የሚባለውን አምላክ የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ ልጁን ገደለበት። የሚበቀልለት እንዲወለድ መሥዋዕት እያቀረበ "ኢንድራሻትሩ" አለ፣ የኢንድራ ገዳይ ለማለት። ድምፁን ከፍ ማድረግ የነበረበት መጨረሻው ቀለም ላይ ነው። እሱ መጀመሪያው ላይ ከፍ አደረገው። ቃሉ ተገለበጠና "ገዳዩ ኢንድራ የሆነ" ሆነ። ይበቀላል የተባለው ቭሪትራ ተወለደ፣ ኢንድራም ገደለው። ጣጣው ሁሉ ከአንድ ቀለም መጣ። አጠገቡ "ቆይ፣ እስቲ ድገመው" የሚል አንድ ሰው ጠፋ።

የጥንታውያኑ ሕንዶች ቅዱሳት መጻሕፍት የሆኑት የቬዳ ንባብ እስከ ዛሬ የደረሰው ይህን ስህተት በሚፈሩ ሰዎች ነው። ከቬዳዎቹ አንዱ፣ ሪግቬዳ፣ ብቻውን ከ10,000 በላይ አንቀጾች አሉት። ለሦስት ሺህ ዓመት ገደማ በዋናነት የተጓዘው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ይላል፣ ተማሪዎቹ ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ። ይህም አልበቃቸው። ጃታ በሚባለው አነባበብ ቃላቱን እንደ ሹሩባ ይጎነጉኗቸዋል፦ አንደኛ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ አንደኛ፣ አንደኛ ሁለተኛ። ቀጥሎ ሁለተኛ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ሦስተኛ። አንዲት ቃል ብትጎድል ወይ ቦታዋን ብትስት እዚያው ትጋለጣለች። ጋና የሚባለው ደግሞ ከዚህም የተወሳሰበ ነው። ሰዎቹ ሥራ ፈትተው አይደለም። አንዱ ሲስት ሌላው እንዲሰማው ነው።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 የቬዳን ንባብ ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራዎች አንዱ ብሎ ያወጀው ካሴት አግኝቶ አይደለም። ሰው ለሰው የሚያስተላልፈውን ሕያው ወግ አይቶ ነው። ሪግቬዳ ውስጥ፣ ሰባተኛው መጽሐፍ 103ኛው ላይ፣ የእንቁራሪቶች መዝሙር አለ። ዝናብ ሲመጣ አንዷ የሌላዋን ድምፅ ተቀብላ ትመልሳለች፣ ተማሪ የመምህሩን ቃል እንደሚቀበል ይላል። ያን ጊዜም ትምህርት ሲባል ሰው የሚታየው ይህ ነበር፦ የሚጮህና የሚመልስ። እንቁራሪት ብቻዋን አትጮህም ልል ነበር፤ ግን ትጮህ ይሆናል፣ ይቅር።

ደግሞ "የግል ጉዳይ ነው" ይሉናል። ያቺኑ ያሳፈረችኝን ቃል ልጥቀስ። ድሂማሂ ብዙ ቁጥር ናት፤ "እናሰላስል" ማለት ነው፣ "ላሰላስል" አይደለም። የመጨረሻው ስንኝም የሚለምነው "የእኛን አእምሮ" እንዲያነቃልን ነው፣ "የእኔን" አይልም። ብቻውን የሚላት ሰው ራሱ በእኛ አፍ ነው የሚላት። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው በየጠዋቱ የሚላትን ማንትራ ትርጉም አንድ ቀን አይቶት ያውቃል? በግል የሚሰጥ፣ ለሌላ የማይነገር ማንትራ እንዳለ አውቃለሁ፣ እሱን አልነካም። እኛ አዳራሽ ውስጥ ግን ማንም ለማንም ምስጢር አልሰጠም።

አንድ ወዳጄ ማኑስምሪቲ የሚባለውን ጥንታዊ የሕንድ የሕግ መጽሐፍ ጠቅሶ ተከራከረኝ። በሹክሹክታ የሚባል መቶ እጥፍ፣ በልብ የሚባል ሺህ እጥፍ ይበልጣል ይላልና። ይላል። ግን በልቤ የምለው ከየት መጣ? አፌ ያስተካከለውን ነው ልቤ የሚደግመው። ሳይታረም ወደ ልብ የገባ ስህተት በልብ ውስጥም ስህተት ነው፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ማንም ስለማይሰማው ማንም አያወጣውም። ሺህ እጥፍ ስህተት!

ስለ ጀማሪዎች የተባለው ላይ ትንሽ እውነት አለ። አንድ ምሽት ሙሉ ሰዓቱ በአንድ ስንኝ አለቀ፣ እኔም በሆዴ አጉረምርሜያለሁ። ቢሆንም የቆዩት የሚባሉት እነማን ናቸው? ያኔ ጀማሪ የነበሩ፣ ሌላ ሰው የታገሣቸው ናቸው። አሁን መሰላሉን ወጥተው ሲያበቁ ያነሱታል።

ሳይንሱንም ያነሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 23 ሰዎችን አይቶ፣ ማንትራ መድገም ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል እንደሚያወርድ አሳይቷል። ማንትራዋ ኦም ማኒ ፓድሜ ሁም ነበረች። "እንግዲህ ትንፋሹ የእያንዳንዱ ነው፣ አብሮ መሆን ለምን?" ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የስዊድን ተመራማሪዎች 15 የ18 ዓመት ወጣቶችን አብረው እንዲያንጎራጉሩ፣ መዝሙር እንዲዘምሩና ቀስ ያለ ማንትራ እንዲያዜሙ አደረጓቸው። አብሮ መዝፈኑ ትንፋሻቸውን አንድ አደረገው፣ የልባቸው ምትም አብሮ መፍጠንና አብሮ መዘግየት ጀመረ። አሥራ አምስት ሰው ጥቂት ነው የሚል ይኖራል። ይበል። እኛ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው 15 ሺህ አያስፈልገውም። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ የመቁጠሪያው 108 ዶቃ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ማንም ሳይመራ ሁሉም እኩል ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። እኔ ለዚያ ነው የምሄደው።

ትናንት የመጀመሪያው ቅጂ ተላከልን። የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ከፈትኩት። መምህሩ አንድ ስንኝ ይላል፣ ከዚያ ለመልስ ክፍተት ይተዋል። በዚያ ክፍተት ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ሰዎች ይመልሳሉ። ድምፅ ጨምሬ ደግሜ ሰማሁት። የእኛው አዳራሽ ነው። ከዓመታት በፊት አብረን ስንለማመድ የተቀዳ ነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ የሴትዮዋ ሳል አለ፤ ሁልጊዜ ስንኝ ሲያልቅ ነው የሚስሉት። ከእሳቸው ቀጥሎ አንድ ሰው ጮክ ብሎ፣ በሙሉ መተማመን፣ "ዲማሂ" ይላል።