ልጅቷ ትኑርልን

ከአዲስ አበባ የተነሳ የቀረጻ ቡድን ደብረ ብርሃን ለመግባት 130 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለበት። በቡድኑ ያሉ ሴቶች ስማቸውን ለማጣት ግን ይህን ያህል መንገድ አያስፈልጋቸውም፤ ሰንዳፋ ላይ ለቁርስ ሲወረድ ነገሩ አልቋል። ሚኒባሱ ውስጥ ሲገቡ አንዷ ኮንቲኒዩቲ (ሾት ከሾት እንዲገጥም የምትከታተል)፣ አንዷ የአልባሳት ባለሙያ፣ አንዷ ቡም ያዥ (ማይኩን በረጅም ዘንግ የምትይዝ)፣ አንዷ ሜካፕ ሠሪ፣ አንዷ የካሜራ ረዳት ነበሩ። ፍርፍሩ ሳይቀርብ አምስቱም «ልጅቷ» ሆነዋል። «ልጅቷን ጥራልኝ።» «እሱ ልጅቷ ጋ ነው።» «እኔ ምን አውቄ፣ ልጅቷን ጠይቃት።»

ይህን ልማድ የሚነቅፉ አሉ። እኛ እናመሰግነዋለን። ዳይሬክተሩ የተዋናዮቹን ስም፣ የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ የፕሮዲዩሰሩን የክርስትና ስም ሳይቀር በቃሉ መያዝ አለበት። በዚህ ላይ አምስት የሴት ስም ቢጫንበት ምን ጭንቅላት ይችለዋል? ልማዱን የጀመረው ሰው ቢታወቅ ሐውልት እናቆምለት ነበር፤ ከሥሩም «ልጁ» ብለን እንጽፍበታለን።

የልጅቷን ጥቅም ለማየት ጣርማበር አፋፍ ላይ፣ የምኒልክ መስኮት የሚባለው ቦታ አጠገብ፣ አንድ ቀን መዋል ይበቃል። ፊልም እንደ ተረት «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ ተነስቶ በተራ አይቀረጽም። እዚያ ገደል አፋፍ ላይ የሚሆነው ሁሉ፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም፣ በአንድ ቀን ተለቅሞ ያልቃል። ስለዚህ ጀግናው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይሞትና ከምሳ በኋላ ሽማግሌ ይልካል። በሞቱና በሽምግልናው መካከል ጢሙ የስንት ቀን እንደነበረ፣ ዱላውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ የጋቢው ጫፍ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደወደቀ፣ ብርሌው ውስጥ ጠጁ የት ላይ እንደቆመ፣ «እሺ» ያለው ከመቀመጡ በፊት ይሁን ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ የምትይዘው ልጅቷ፣ ማለትም ኮንቲኒዩቲዋ፣ ናት። ደብተሯ ላይ ለእያንዳንዱ ቴክ፣ አንዱ ሾት በተደጋገመ ቁጥር ማለት ነው፣ የትዕይንቱ፣ የሾቱና የቴኩ ቁጥር፣ ሌንሱ፣ ካርዱ፣ የፈጀው ጊዜና የተቋረጠበት ምክንያት ይሰፍራል፤ ዳይሬክተሩ የወደደው ቴክ ይከበብበታል። «ቁረጥ» ሲባል ማንም ሳይነቃነቅ በስልኳ ከፊትና ከጎን ታነሳለች። አንድ ደቂቃ ብትዘገይ ተዋናዩ ጋቢውን አራግፎ ሲጋራ ይለኩሳል፤ ከዚያ ወዲያ የነበረውን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው።

በዚያ ላይ የጣርማበር ጉም አለ። ጠዋት ገደሉን ሞልቶ ቀኑን ሙሉ የሚውል ይመስል ይቀመጥና ለአንድ ሻይ ፊት ሲያዞሩ ብን ብሎ ይጠፋል። ሰፊው ሾት በጉም ተቀርጾ የፊቱ ሾት በጠራራ ፀሐይ ከተቀረጸ፣ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አንደኛው ሐምሌ ላይ፣ ሌላኛው ኅዳር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። «የጉሙን ሰፊ ሾቶች በሙሉ አስቀድመን እናንሳ፣ ቅርቡን ጉም ባይኖርም ከኋላቸው አለት አድርገን እንወጣዋለን» የምትለው ልጅቷ ናት። «እናንሳ» ብሎ በድምፅ ማጉያ የሚናገረው ዳይሬክተሩ ነው። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የተባለው እኮ የሥራ ክፍፍልን ለማሳየት ነው!

የሐዘን ትዕይንት ሲሆን ነገሩ ይጠብቃል። የሸዋ ሰው ነጠላ ያነባል። ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ ደኅና ቀን ነው፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻና አንገት ላይ ሲጠመጠም ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል። ጠዋት ሰፊው ሾት በሐዘን አለባበስ ይነሳል። ተዋናይዋ ለምሳ ነጠላዋን ታወልቅና ስትመለስ እጇ እንደለመደው ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ትለብሰዋለች። ሁለቱ ሾቶች ሲቀጠሉ አልቃሿ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ከለቅሶ ተነስታ ገበያ ትወጣለች። ልጅቷ ይህን አይታ «ቆይ፣ ነጠላው!» ካለች፣ «ልጅቷ ዛሬ ምን ሆናለች፣ አላሠራን አለች» ይባላል። ካላየችው ደግሞ ከወር በኋላ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ «ልጅቷ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ይባላል። ቢያንስ ሁለቱንም ጊዜ ትታወሳለች።

ስለ ነጠላ ካነሳን አይቀር፣ የአልባሳቷን ልጅቷንም እናወድስ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ ጣርማበር ከዚያም ይልቃል። እዚህ ከፍታ ላይ 6 ሰዓት ቀትር ላይ አዲስ ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት መቅረጽ ካሜራን ከማሳበድ አይተናነስም። ለፊቷ ብርሃን ሲሰጣት ነጠላው ተቃጥሎ ጥለት አልባ ነጭ ነገር ይሆናል። ለነጠላው ሲባል ብርሃኑ ቢቀነስ ፊቷ ከሰል ይመስላል። መድኃኒቱ ሻይ ነው። አምስት ሊትር ውሃ ይፈላል፤ ሁለት እፍኝ የሻይ ቅጠል በጨርቅ ተቋጥሮ ይገባበታል፤ ሳይቋጠር ከተበተነ ቅጠሉ ጨርቁ ላይ እያረፈ ነቁጥ ነቁጥ ያደርገዋል። ነጠላው መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ ይርሳል፤ ደረቁን የገባ እንደሆነ ግማሹ ጠጥቶ ግማሹ ይቀራል። ጥለቱ በፌስታል ተጠቅልሎ ይታሰራል። ከዚያ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ እያገላበጡ ማቆየት ነው። እርጥብ ጨርቅ ከደረቁ ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ከሚፈለገው አንድ ደረጃ ሲጠቁር ይወጣና ጥላ ውስጥ ይሰጣል። መለወጫው ነጠላም በዚያው ድስት፣ በዚያው ሰዓት መነከር አለበት፤ የሁለተኛ ድስት ቀለም ከመጀመሪያው ጋር ገጥሞ አያውቅም። ካሜራው ፊት ሲቆም ነጠላው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ክሩም ጥለቱም ይለያል። ተመልካቹ ምንም አያስተውልም፤ ሥራው ማለቁም የሚታወቀው በዚህ ነው።

ታዲያ ልጅቷ ይህን ድስት ጥዳ ስታማስል የሚያዩዋት ፕሮዳክሽን ማናጀር ፊታቸው ይበራል።

«ጎሽ! ሻይ ጣድሽ? ለሰባት ሰው ቅጂልን፣ ስኳሩን በዛ አድርጊው።»

«ጋሼ፣ ነጠላ ነው።»

«ይሁና፣ ነጠላውን ስታወጪ ቅጂልን።»

ይህን ንቀት የሚሉት ነገሩ ያልገባቸው ናቸው። ሰውዬው ሴትና ድስት አንድ ላይ ሲያይ የሚያየው ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ በልብ ነው እንጂ በውል ወረቀት አይደለም። ውል ላልነውማ፣ «እኛ እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለው መልስ ሁሌም ዝግጁ ነው። ቤተሰብ አይፈራረምም። ቤተሰብ የመጨረሻውን ክፍያ «ፊልሙ ሲወጣ» ይላል፣ ፊልሙ ሲወጣ «በሚቀጥለው እንካካሳለን» ይላል። የዘመድ ብድር እንዴት እንደሚመለስ አንባቢ ያውቀዋል።

ልማዱ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በፈረንሳይ አሊስ ጊ የምትባል የጋሞን ኩባንያ ጸሐፊ በ1896 እ.ኤ.አ. ካሜራ ይዛ ታሪክ ያለው ፊልም መሥራት ጀመረች፤ ኋላ ብዙ ሥራዎቿ በወንዶች ስም ተመዝግበው ተገኙ። አሜሪካም ድምፅ አልባ ፊልም ሲሠራ መቁረጥና መቀጠሉ እንደ ስፌት ስለታየ ለሴቶች ተለቆ ነበር፤ ሙያው ክብር ሲያገኝ ስፌቱ በአንድ ጊዜ የወንድ ሆነ። ቴልማ ስኩንሜከር በኤዲቲንግ ሦስት ኦስካር ወስዳለች፤ ይቺ ስሟን እንቢ ብላ የያዘች ናት። እኛ ዘንድ በቀድሞው የትምህርት ቤት ቴአትር የሴቷን ቦታ ቀሚስ ለብሶ የሚጫወተው ወንድ ተማሪ ነበር። አስናቀች ወርቁን የመሰሉ ቀደምት ሴቶች መድረክ ላይ ወጥተው ይህን እስኪያበላሹት ድረስ የ«ልጅቷ» ችግር አልነበረም፤ ልጅቷም ልጁ ነበረ።

ተዋናይዋስ? እሷማ ስሟ ይጠራል፤ የምትጠራበት ጊዜ ግን አጭር ነው። በ25 ዓመቷ ሙሽራ፣ በ30 ዓመቷ «የልጆቹ እናት»፣ በ35 ዓመቷ ሻሽ አስራ የዋናው ተዋናይ አማት። እሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ፀጉሩን ቀለም እየተቀባ «ወጣቱ» ነው። አሁን አማቱ የሆነችው ከሦስት ፊልም በፊት ሚስቱ ነበረች። ይህ ዓይነት ፈጣን እድገት በሌላ መሥሪያ ቤት የት ይገኛል?

ኮንቲኒዩቲዋ እድገት አትጠይቅም አይባልም። አሥር ዓመት የሰውን ስህተት ስትመዘግብ ከርማ፣ የቱ ሾት ከየቱ ጋር እንደማይገጥም ገና ሳይነሳ ታየዋለች። ላዘጋጅ ስትል በፍቅር ይመለሳል፦ «አንቺ ከሄድሽ ማን ያስታውስልናል?» ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም፤ በምስጋናው ላይም የአሥራ አንደኛው ዓመት ደብተር ይሰጣታል። ማታ ደብረ ሲና ሆቴል ሲገባም ሌሎቹ ቢራ ሲከፍቱ የካሜራ ረዳቷ ካርዶቹን በሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ ትገለብጣለች፣ ፋይሎቹን እየከፈተች ታያለች፣ ሳታይ ካርድ አታጠፋም፤ ባትሪዎቹንም ብርዱ እንዳይበላቸው ጋቢ ውስጥ ታስተኛለች። «ልጅቷ ጨዋታ አታውቅም» የሚል አስተያየትም በነጻ ይደርሳታል።

ፊልሙ ሲያልቅ የሚወርደው የስም ዝርዝርም የልማዱ ጌጥ ነው። በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሚያልፍ ስም ለአራት ሴኮንድ እንዲነበብ መቶ ፍሬም ይበላል። መቶ ፍሬም ለእሷ? ለ«ልዩ ምስጋና» ያስፈልጋል፦ ለሆቴሉ ባለቤት፣ ፈረስ ላዋሱን ጋሼ፣ የፕሮዲዩሰሩን መኪና ላጠበው ልጅ። የእሷ ስም የገባ እንደሆነም ወይ ፊደሉ ይሳሳታል፣ ወይ ጣቢያው እዚያ ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ያስገባል።

ይህን የመሰለ ሥርዓት አንድ ሰው ካልሆነ የሚያፈርሰው የለም፤ እሱም አልጠፋም። ጣርማበር ላይ በግ የሚጠብቁ አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚመለከቱት ዋናውን ተዋናይ ሳይሆን ቡም ያዧን ነበር። ለካ የሚያስገርም ነገር ነው። ሦስት ሜትር ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ማይኩና ፀጉራሙ መሸፈኛው፣ ተደምሮ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል፤ ይህን ከራስ በላይ አንስቶ ለአራት ደቂቃ ቴክ ማቆየት ነው። ማይኩ ከፍሬሙ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከላይ ወደ ተናጋሪው ደረት ይዞራል። ጥላው ፊት ላይ እንዳያርፍ ከብርሃኑ በተቃራኒ መቆም፣ ሽቦው ዘንጉን እንዳይመታ ጠምጥሞ መያዝ፣ ቀለበት ማውለቅ፣ ጓንት ማድረግ። ከአፋፉ የሚወጣው ንፋስ ፀጉሩንም ስለሚያልፍ መኪና ማስጠጋትና ከኋላው መከለል ያሻል። በአስፋልቱ ላይ ኤፍ ኤስ አሩ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፍሬኑ ያጉረመርማል፤ ማዶ ደግሞ ጭላዳዎች ይጣላሉ። በመጨረሻም የቦታውን ዝምታ አንድ ደቂቃ መቅዳት አለባት፣ ያለዚያ ኤዲቲንግ ላይ በንግግሮቹ መሐል ጆሮ ጉድጓድ ይገባል። «ዝም በሉልኝ» ስትል «ልጅቷ ነገረኛ ናት» የሚለው ድምፅም አብሮ ይቀዳል።

እናትዮዋ በእረፍቱ ጠጋ አሏት።

«ልጄ፣ ያን የበግ ለምድ በእንጨት ሰቅለሽ ቀኑን ሙሉ ያቆመሽ ማነው? ምን አጥፍተሽ ነው?»

«ድምፅ መቅጃ ነው፣ እማማ። ፀጉሩ ንፋስ እንዳይገባበት ነው።»

«እሱን እንዲህ ካለበሳችሁት፣ አንቺን ምነው በስስ ሸሚዝ ተዉሽ? የመንዝ ባና ጠፍቶ ነው?» አሉና ቀጥለው ያንን በስብሰባ ያልተፈቀደ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ስምሽ ማነው የኔ እናት?»

ልጅቷ ተናገረች። ስሙን እዚህ መጻፍ ልማድ ማፍረስ ስለሚሆንብን ትተነዋል።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ዕቃ ተጭኖ ሚኒባሱ ሲነሳ፣ የቡም ጓንቷ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ነበር። እናትዮዋ ጓንቱን ከፍ አድርገው እያውለበለቡ፣ የሸዋ እረኛ ከተራራ ተራራ እንደሚጣራው፣ ስሟን በሙሉ ድምፅ ጠሩት። ገደሉ መልሶ ጠራው። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ።

«ማንን ነው የሚጣሩት?» አሉ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ።

«እንጃ» አለ ሹፌሩ፣ «ልጅቷን ጠይቋት።»