ሠራተኛ አይደለችም፣ ልጃችን ናት

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ "ኧረ እሷ ሠራተኛ አይደለችም፣ ልጃችን ናት" ሲባል ሰማሁ። መቼም እናንተም ሰምታችኋል። የወለዷቸው ልጆች በሙሉ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። "ልጃችን" የተባለችው እቤት ቀርታ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን እማማን ታገላብጣለች።

እኔ ይህን ፍቅር አደንቃለሁ። ውርስ ሲነሳ ትዝ አይለንም፣ የደሞዝ ጭማሪ ሲነሳ ግን ከች ይላል። "ልጅ እናቷን አስታማ ብር ትጠይቃለች?" እውነት ነው፣ የእማማ ልጆችም ጠይቀው አያውቁም። አስታመውም አያውቁም።

ከሁሉ የምወደው ግን ታቦር ተራራ ሥር ያለ አንድ ቤት ነው። ልጅቷ እሑድ ግማሽ ቀን ቸርች ደርሼ ልምጣ አለች። ጉድ ፈላ! የቤተሰብ ጉባኤ ተጠራ። ታላቅየው ከአዲስ አበባ መጣ። አሜሪካ ያለችው እህት በቪዲዮ ገብታ "እማዬን ለማን ጥላት?" ብላ አለቀሰች፤ እሷ እዚያ የሰው እናት ስታስታምም በሰዓት ይከፈላታል፣ ከ40 ሰዓት ያለፈው ደግሞ በአንድ ተኩል እጥፍ ይታሰብላታል። ቡና ተፈላ (ማን እንዳፈላው አትጠይቁኝ)። እሑድ እማማን ማን ይያዝ? ታላቅየው ወገቡን ያመዋል። ታናሽየው ኳስ አለበት። ምራትየዋ ሽታ አይስማማትም። የጎረቤት ሽማግሌ ሳይቀር ተጠርተው፣ ሁለተኛው ቡና ደርሶ፣ ተወሰነ፦ ትሂድ፣ ግን እማማን አጥባ፣ አብልታ፣ ዳይፐር ቀይራ፣ ምሳ ሠርታ፣ እማማ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ትመለስ። እማማ ቢተኙ አርባ ደቂቃ ነው። ቸርቹ ደግሞ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ።

ደግነቱ ሕጉም ለእኛ ያደላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሌላውን ሠራተኛ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ አታሠሩ፣ በሳምንት 24 ሰዓት አሳርፉ፣ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ስጡ ይላል። የቤት ሠራተኛዋ ስትመጣ ግን "አንቺን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ" ብሎ ከበር ይመልሳታል። እሷም ተመልሳ ዳይፐር ትቀይራለች።

ቀልዱ ይቅር አሁን። ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ እየተነሳች አዛውንት ስታገላብጥ አድራ፣ ንጋት ላይ ደግሞ የቤቱን ሰው ሁሉ ቁርስ የምታቀርብ ልጅ ናት። ወገቧ በሃያ ዓመቷ አልቋል። የሰው እንቅልፍና ጉልበት እየዘረፉ "ልጄ" ማለት ነውር ነው፣ ነውር!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የታቦሯ ልጅ ባለፈው ወር ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። "ውለታ ቢስ፣ እንደ ልጅ አኑረናት!" ተባለ። ሌላ ፍለጋ ወደ ደላላው ተሮጠ። ጨዋ ትሁን፣ ስልክ አታብዛ፣ ዘመድ አይብዛባት፣ እንቅልፍ አትውደድ። ደላላው ሰምቶ ሲያበቃ የወር ደሞዙን ነገራቸው።

"ውይ!" አሉ እትዬ፣ "እኛ እኮ ሠራተኛ አይደለም የምንፈልገው!"